ጠርዙ ለሚጠመዘዝ ጣሪያ የቱን ልምረጥ? ሬቪት፣ አርኪካድ፣ ራይኖ ወይስ ስኬችአፕ

የተጠማዘዘ ጣሪያ መሳል ዛሬ ብዙም አያስቸግርም። ሁለት ኩርባ ሰርታችሁ ሎፍት (በኩርባዎች መካከል ገጽ የሚዘረጋው ትእዛዝ) ብትሉት ጣሪያው ቁጭ ይላል። ጉድ የሚፈላው ጠርዙ ላይ ነው። ውፍረት ስትሰጡት፣ ፋሺያ (ጠርዙን ከፊት የሚሸፍነውን ሰሌዳ) ስታለብሱት፣ አሸንዳ ስታስሩበት፣ የክፍክፉን ኮርኒስ ከስር ስትዘጉ ፕሮግራሙ ማጉረምረም ይጀምራል። ፋሺያው ይጋደላል። መጋጠሚያው ላይ ይቀደዳል። አንዳንዴም ጭራሽ «ይህን መስራት አልተቻለም» ብሎ ያርፈዋል።

ከዚያ «የቱ ሶፍትዌር ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል፤ የሕንጻ ሞዴል መስሪያዎቹ ሬቪትና አርኪካድ ወይስ የሦስት አውታር ቅርጽ መስሪያዎቹ ራይኖና ስኬችአፕ? የጠርዙን ዓይነት ሳያውቁ ሶፍትዌር ማማረጥ ግን ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። አንድ ዓይነት ጠርዝ ሬቪት ውስጥ ሻይ ሳይበርድ ያልቃል። ሌላው እዚያው ሬቪት ውስጥ ሳምንት ያስለፋል። ስለዚህ ከጠርዙ እንነሳ።

ጠርዛችሁ የትኛው ነው?

ጠርዙን ከሁለት በኩል እዩት፤ ከላይ በፕላን፣ ከፊት በኤሌቬሽን።

ፕላን ላይ ታጥፎ ኤሌቬሽን ላይ አግድም ቀጥ ያለ መስመር ከሆነ ቀላሉን ዓይነት ይዛችኋል። የክብ አዳራሽ ክፍክፍ እንዲህ ነው፤ ዙሪያውን ከፍታው አንድ ነው። ፕላን ላይ ቀጥ ብሎ ኤሌቬሽን ላይ ወጣ ገባ የሚል ከሆነ ደግሞ መካከለኛው ነው። የበርሜል ወይም የማዕበል ቅርጽ ያለው ጣሪያ የፊት ጫፍ ይህን ይመስላል። በሁለቱም በኩል የሚታጠፍ ከሆነ ግን ጠርዙ እውነተኛ የሦስት አውታር ኩርባ ነው። ይህ ጽሑፍ በዋናነት የተጻፈው ለእሱ ነው።

አንድ ማጣሪያ ልጨምር። ሦስተኛውን ዓይነት መስሎ ታይቶ ሲመረመር አንድ ያዘነበለ ጠፍጣፋ ላይ የተኛ ሆኖ የሚገኝ ጠርዝ አለ። እንዲህ ያለውን ካገኛችሁ እንዳትለቁት። የሲድኒ ኦፔራ ሃውስ ቅርፊቶች ለዓመታት መፍትሔ ጠፍቶላቸው ቆይተው እ.ኤ.አ. በ1961 የተገኘው መላ ሁሉንም ራዲየሱ 75 ሜትር ገደማ ከሆነ አንድ ሉል መቁረጥ ነበር። ሉልን በየትኛውም ጠፍጣፋ ብትቆርጡት የሚወጣው ክብ ነው። የጎድን አጥንቶቹ ሁሉ የአንድ ክብ ቁራጭ ስለሆኑ በተመሳሳይ ቅርጽ ማውጫ ደጋግሞ ኮንክሪት መሙላት ተቻለ። የኩርባው ምርጫ በእጃችሁ ከሆነ እንዲህ ያለ ማቅለያ ከየትኛውም ሶፍትዌር በላይ ይጠቅማችኋል።

ፋሺያው በየት በኩል ይቁም?

ብዙ ሰው የሚዘለው ጥያቄ ይህ ነው። ፋሺያው ቱንቢውን ጠብቆ ይቁም ወይስ ከጣሪያው ገጽ ጋር ዘጠና ዲግሪ ይስራ? ጣሪያው ጠርዙ ላይ አግድም ጠፍጣፋ ሲሆን ልዩነቱ አይታይም። መውጣት ወይም ማዘንበል ሲጀምር ግን ይታያል።

በቁጥር እንየው። ፋሺያችሁ 200 ሚሊሜትር ነው እንበል። የጠርዙን ኩርባ ወስዳችሁ ቁልቁል 200 ብትስቡት ጠርዙ በ30 ዲግሪ በሚወጣበት ቦታ ላይ ከመስመሩ ጋር በትክክል ተሻግሮ ሲለካ 173 ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ፋሺያው ቁልቁለቱ ላይ የቀጠነ ይመስላል። በተቃራኒው አንድ ፕሮፋይል (የፋሺያውን የቁርጥ ቅርጽ) በጠርዙ ላይ ስዊፕ ብታደርጉ፣ ማለትም በመስመሩ ላይ እየጎተታችሁ ብትወስዱት፣ ስፋቱ የትም ቦታ 200 ሆኖ ይቀራል፤ ቁልቁል ሲለካ ግን 231 ይደርሳል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ግን ሁለት የተለያዩ ሕንጻዎች ናቸው። ሳትወስኑ ከጀመራችሁ ፕሮግራሙ በራሱ ጊዜ ይወስንላችኋል።

በእኔ እይታ ዳገቱ ለስላሳ ከሆነ ቁልቁል መሳቡ ይበልጣል። ምክንያቱ መልክ ብቻ አይደለም። ቁልቁል የተሳበ ኩርባ፣ ጠርዙ የቱንም ያህል ቢጠማዘዝ፣ ሳይለጠጥ ጠፍጣፋ ሆኖ ይዘረጋል። ከጠፍጣፋ ላሜራ ተቆርጦ ተጠቅልሎ ይገጠማል ማለት ነው። እንዲያውም የጠርዙ ዳገት ከዳር እስከ ዳር አንድ ከሆነ ሲዘረጋ ቀጥ ያለ ጥብጣብ ይሆናል። ለጣሪያው ገጽ ቀጤ ነክ የሆነ ፋሺያ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጠመዝማዛ ገጽ ይወጣውና ላሜራው እምቢ ይላል። ጣሪያው ከሉል የተቆረጠ ከሆነ እፎይ ትላላችሁ። ቀጤ ነኮቹ ሁሉ ወደ ሉሉ ማዕከል ስለሚያመሩ ፋሺያው የሾጣጣ ቁራጭ ይሆናል፤ ሾጣጣ ደግሞ ይዘረጋል።

ሁለተኛው የስዊፕ ጣጣ መጋደል ነው። ፕሮፋይል በሦስት አውታር ኩርባ ላይ ሲጓዝ ዝም ብሎ ከለቀቁት ወደ ጎን ይንከባለላል። መነሻው ላይ ቀጥ ብሎ የቆመው ፋሺያ መጨረሻው ላይ ተጋድሞ ይገኛል። ሶፍትዌሮቹ በጉልህ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው።

ሬቪት

ለመጀመሪያው ዓይነት ጠርዝ ሬቪት ይበቃል። ጣሪያን ከፕላን ዙሪያው በሚያወጣው «ሩፍ ባይ ፉትፕሪንት» ውስጥ ቅስት ሳሉ። ቅስቱን ተዳፋት ያለው ጠርዝ ካደረጋችሁት ጣሪያው የሾጣጣ ቅርጽ ይይዛል። የጫፉ አቆራረጥ ቱንቢ ይሁን ወይስ ለጣሪያው ቀጤ ነክ የሚለውም ከንብረቶቹ ዝርዝር ይመረጣል። ከዚያ የፋሺያውንና የአሸንዳውን መሳሪያ ከፍታችሁ ጠርዙን ጠቅ ማድረግ ነው። ፕሮፋይሉን በኋላ ስትቀይሩ ሁሉም አብሮ ይቀየራል። የዕቃ ዝርዝሩም ራሱን ይሞላል። እዚህ ላይ ራይኖ መክፈት ጊዜ ማባከን ነው።

ለሁለተኛው ዓይነት «ሩፍ ባይ ኤክስትሩዥን» አለ። የጣሪያውን ኩርባ ኤሌቬሽን ላይ ትስላላችሁ፤ እሱ ይለጠጣል። ይህም ጥሩ ይሰራል።

ክርክሩ ያለው ሦስተኛው ላይ ነው። የተለመደው ዘዴ በኤክስትሩዥን የወጣውን ጣሪያ በቁም ክፍተት መሳሪያ ከላይ በኩርባ መቁረጥ ነው። ጠርዙ ያምራል፤ ሁልጊዜም ቱንቢውን የጠበቀ ይሆናል። ፋሺያ ስታለብሱት ግን ነገሩ ዕድል ይሆናል። አንዱን ጠርዝ ይቀበላል፣ ጎረቤቱን ይገፋል። መውጫው በቦታው የሚሰራ ፋሚሊ (በሬቪት ለአንድ ሥራ ብቻ የሚቀረጽ አካል) ከፍቶ፣ ስዊፕ መርጦ፣ መንገዱን ከመሳል ይልቅ የጣሪያውን ጠርዝ መልቀም ነው። የስዊፕ መንገድ በንድፍ ሲሳል አንድ ጠፍጣፋ ላይ መተኛት አለበት፤ ሲለቀም ግን የሦስት አውታር ጠርዝም ይቀበላል። ይህቺን ልዩነት ሳያውቁ ሬቪት አይችልም ብለው የተዉት ብዙ ናቸው።

ሌላ ዘዴም አለ። ፋሺያውን እንደ ቀጭን ግድግዳ ቁጠሩት። 25 ሚሊሜትር የሆነ ግድግዳ በፕላኑ ኩርባ ላይ ሳሉና ጭንቅላቱን ከጣሪያው ጋር አያይዙት። እግሩም እንዲከተል ከተፈለገ ዝቅ ብሎ የተቀመጠ የጣሪያ ቅጂ ያስፈልጋል። ይሰራል። ግን ያ ቅጂ ዕቃ ዝርዝሩ ውስጥ ገብቶ የጣሪያ ስፋታችሁን እጥፍ እንዳያደርገው ለዩት።

ነጻ ቅርጽ ለሚፈልግ ማስ (ጥቅል ቅርጽ) ሰርቶ ገጹ ላይ ጣሪያ ማልበስ ይቻላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ማሱን ስትቀይሩ ጣሪያው በራሱ አይከተልም፤ ጣሪያውን መርጣችሁ እንዲታደስ ማዘዝ አለባችሁ። ጠፍጣፋ ጣሪያ ላይ ነጥቦችን ከፍና ዝቅ የማድረጊያው መሳሪያ ደግሞ ለውሃ ማፍሰሻ ተዳፋት የታሰበ ነው። ቅስት ጠርዝ ሲገጥመው ኩርባውን እንዲከተል የሚነግሩበት ምርጫ አለው። ለትንሽ ዘንበል ያለ ክብ ጠርዝ ይበቃል፤ ለማዕበል ግን አይሆንም።

አርኪካድ

አርኪካድ ስለ ኩርባ ከሬቪት ቀለል ያለ አስተሳሰብ አለው። እ.ኤ.አ. በ2011 በስሪት 15 የመጣው ሼል የሚባለው መሳሪያ ሦስት ዓይነት ገጽ ይሰራል፦ የተለጠጠ፣ በዘንግ ዙሪያ የዞረ፣ በሁለት ፕሮፋይል መካከል የተዘረጋ። የሼሉን ዙሪያ በፈለጋችሁት ቅርጽ መቁረጥ ይቻላል። የጠርዙም ማዕዘን ይመረጣል፦ ቁም፣ ለገጹ ቀጤ ነክ፣ አግድም ወይም የራሳችሁ ዲግሪ። ከላይ ያነሳነው የፋሺያ ጥያቄ እዚህ ከአንድ ቁልፍ ጀርባ ተቀምጧል።

ለሦስተኛው ዓይነት ጠርዝ የምወደው አካሄድ ከሬቪቱ የግድግዳ ዘዴ ጋር ወንድማማች ነው። በኮምፕሌክስ ፕሮፋይል (ራሳችሁ በምትስሉት የቁርጥ ቅርጽ) ረጅም ኩርባ ግድግዳ ስሩ። ላዩን በጣሪያው ሼል፣ ታቹን ዝቅ ባለ የሼሉ ቅጂ ቁረጡት። ቅጂውን የተደበቀ ሌየር ላይ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ቢደበቅም መቁረጡን አይተውም። ጣሪያው ሲለወጥ ቅጂውን አብራችሁ ካስተካከላችሁ ፋሺያው ይከተላል።

ቅርጽን በነጻ የሚቀርጸው ሞርፍ የሚባለው መሳሪያ እ.ኤ.አ. በ2012 በስሪት 16 መጣ። ለማዕዘን መጋጠሚያ፣ ለአንድ ልዩ ቁራጭ ጥሩ ነው። ረጅም ለስላሳ ጠርዝ በሞርፍ መስራት ግን አልመክርም። ገጹ በቀጥታ ቁርጥራጮች ይሞላና ኤሌቬሽኑ ላይ የማያስፈልግ መስመር ይበዛል።

ራይኖ

ጠርዙ በሁለት በኩል የሚታጠፍ ከሆነና ሕንጻው በእውነት የሚሰራ ከሆነ ምክሬ አጭር ነው፦ ጠርዙን ራይኖ ውስጥ ስሩት። ራይኖ ከኑርብስ (ኩርባን በቀመር ከሚገልጽ ዘዴ) የተነሳ ፕሮግራም ስለሆነ ኩርባው ኩርባ ሆኖ ይቀራል፤ ወደ ቁርጥራጭ መስመር አይለወጥም።

አካሄዱን ልዘርዝር፤ ዋናው ፍሬ እዚህ ነው። መጀመሪያ የጠርዙን ኩርባ በፕላን ሳሉ። ቀጥሎ ያንኑ ጠርዝ በኤሌቬሽን፣ ማለትም መውጣት መውረዱን፣ ሳሉ። ከዚያ ከሁለት እይታ አንድ ኩርባ የሚያወጣውን ትእዛዝ ስጡ። የሦስት አውታሩ ጠርዝ ይወጣል። የዚህ ዘዴ ውበቱ እናንተ የምትቆጣጠሩት ሁለት ቀላል ኩርባ ብቻ መሆኑ ነው። ደንበኛው «እዚህ ጋ ትንሽ ከፍ ቢል» ካለ የኤሌቬሽኑን ኩርባ አስተካክላችሁ ትእዛዙን ትደግማላችሁ፤ ፕላኑ አይነካም።

የወጣውን ኩርባ ሳታጸዱ አትቀጥሉ። የኩርባነት ግራፉን አብሩና እዩት። ጥርስ ጥርስ ከሰራ መቆጣጠሪያ ነጥቦቹ በዝተዋል። በትንሽ ነጥብ እንደገና አስገንቡት። ግራፉ ለስላሳ ኮረብታ ሲመስል ጨርሳችኋል።

አሁን ጣሪያውን ከጠርዙ አውጡ። በጠርዙና በሸንተረሩ መካከል ሎፍት ወይም በሁለት ሐዲድ የሚሄደውን ስዊፕ ተጠቀሙ። ብዙ ሰው የሚያደርገው ግልባጩን ነው። ትልቅ ገጽ ሰርቶ በፕላን ኩርባ ይቆርጠዋል። ያኔ ጠርዙ የመቁረጥ ውጤት ይሆናል፤ ነጥቡ ይበዛል፣ ከሱ ላይ የሚነሳው ፋሺያም ያንኑ ሸካራነት ይወርሳል። ገጹ የግድ የሚቆረጥ ከሆነ የተቆረጠውን ጠርዝ ቀድታችሁ እንደገና አጽዱት፤ ፋሺያውን ከጸዳው ላይ አንሱ።

ፋሺያው ቱንቢውን ከጠበቀ ሥራው ኩርባውን ቁልቁል መሳብና ውፍረት መስጠት ብቻ ነው። ፕሮፋይል ያለው ከሆነ ደግሞ በአንድ ሐዲድ የሚሄደው ስዊፕ ውስጥ «ሮድላይክ» የሚለውን ምረጡ። ፕሮፋይሉ ወደ ጎን እንዳይንከባለል የሚይዘው እሱ ነው። በመጨረሻ የሜዳ አህያ መስመር የሚመስለውን መመርመሪያ አብሩ። መስመሮቹ መጋጠሚያው ላይ ከተሰበሩ ያ ስብራት ፀሐይ ሲያርፍበት በቆርቆሮው ላይም ይታያል።

የራይኖ ድክመት ሌላ ቦታ ነው። ጣሪያ መሆኑን አያውቅም። የዕቃ ዝርዝር፣ የንብርብር ውፍረት፣ ራሱን የሚያድስ ሴክሽን (የቁርጥ ስዕል) በሬቪት ልክ አትጠብቁ። ለውጥ ሲበዛም ሁሉንም በእጅ መድገም ያሰለቻል። ለዚህ ትእዛዞችን አያይዞ ራሱ የሚደግመው ግራስሆፐር አለ፤ ከራይኖ 6 ጀምሮ አብሮ ይመጣል። የጠርዙን ከፍታ በተንሸራታች ቁልፍ ይዛችሁ ፋሺያው፣ አሸንዳው፣ ኮርኒሱ ተከትሎ ሲለወጥ ማየት ደስ ይላል። ግን አንድ ጣሪያ ብቻ ላላችሁና ቅርጹ ለጸደቀ ሥራ ግራስሆፐር መማር አያዋጣም። በእጅ ስሩትና ሂዱ።

ስኬችአፕና ብሌንደር

ስኬችአፕ ኩርባ የለውም ማለት ይቻላል። ያለው የተቀጣጠለ ቀጥታ መስመር ነው። ክብ ስትሰሩ በነባሪው 24 ቁራጭ ይሰጣችኋል። ራዲየሱ 10 ሜትር በሆነ ጣሪያ ላይ ይህ ማለት የእያንዳንዱ ቁራጭ መሃል ከእውነተኛው ክብ 86 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ከፋሺያው ውፍረት ብዙ እጥፍ! ቁጥሩን ወደ 96 ካሳደጋችሁት ስህተቱ ወደ 5 ሚሊሜትር ይወርዳል። ስለዚህ ቁጥሩን ገና ሳትስሉ አስተካክሉ፤ ቅርጹ ተለጥጦ ከተቆራረጠ በኋላ መመለሻ የለውም።

የስኬችአፕ ስዊፕ የሆነው «ፎሎው ሚ» በጠፍጣፋ መንገድ ላይ ጥሩ ነው፤ በሦስት አውታር መንገድ ላይ ፕሮፋይሉን ያጋድማል። ማምለጫው ስዊፑን መተው ነው። የጠርዙን ፕላን እንደ ቀጭን ቀለበት ሳሉና ጣሪያውን አልፎ እስኪሄድ ወደ ላይ ግፉት። ከጣሪያው ጋር አቆራርጡና ትርፉን አጥፉ። ቱንቢውን የጠበቀ ፋሺያ ይቀራል። ሲቆራረጥ ትንንሽ ገጾች ከጠፉ ሞዴሉን መቶ እጥፍ አሳድጋችሁ ሞክሩና መልሱት።

ለሐሳብ ማሳያና ለምስል ስኬችአፕ ይበቃል። ለሥራ ስዕል ግን አትመኑት።

ብሌንደር ነጻ ነው፤ ለምስል ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። ኩርባ ላይ ፕሮፋይል ሲያለብስ የመጠምዘዣ ዘዴውን «ዚ አፕ» ላይ ካደረጋችሁት አይጋደልም። ልኬት ለሚያስፈልገው ስዕል ግን የመጀመሪያ ምርጫዬ አይደለም።

ታዲያ የቱን?

ጠርዙ በአንድ በኩል ብቻ የሚታጠፍ ከሆነ የለመዳችሁት ውስጥ ቆዩ። ሬቪት ከሆነ ሬቪት፣ አርኪካድ ከሆነ አርኪካድ። መቀየር ትርፉ ድካም ነው።

በሁለቱም በኩል ከታጠፈና ሥራው ለውድድር ወይም ለደንበኛ ማሳያ ከሆነ ስኬችአፕ ወይም ብሌንደር። አብዛኛው የቡድኑ ሥራ አርኪካድ ላይ ካለና ፋሺያው ቁም ከሆነ የሼሉና የግድግዳው ዘዴ ያዋጣል፤ ራይኖ አያስፈልግም። ሬቪት ላይ ያላችሁ ግን ከፋሺያ መሳሪያው ጋር ግማሽ ቀን ከታገላችሁ በቂ ነው። ጠርዙን ራይኖ ውስጥ ስሩና መልሱት።

ለመመለሱ ከራይኖ 7 ጀምሮ ራይኖን ሬቪት ውስጥ የሚያስነሳ ነጻ ማገናኛ አለ። አርኪካድም ከግራስሆፐር ጋር ቀጥታ መስመር አለው። በፋይል የምትልኩ ከሆነ አንድ ወጥመድ ተጠንቀቁ። ሬቪት ከ0.8 ሚሊሜትር ገደማ ያነሰ ጠርዝ አይቀበልም። ራይኖ ውስጥ ስትቆራርጡ የቀረች ፀጉር የምታህል ስንጣቂ ሙሉውን ቅርጽ ልታስመልስ ትችላለች። ከመላካችሁ በፊት አጫጭር ጠርዞችን ፈልጋችሁ አዋህዱ። ሞዴሉንም ከመነሻው ነጥብ አታርቁ፤ የቦታ መለያ ቁጥሩ (ኮኦርዲኔቱ) በሚሊዮን ሲቆጠር ኩርባው ስክሪን ላይ ይንቀጠቀጣል።

የምትልኩትም ደረቅ ቅርጹን (ሶሊዱን) ብቻ አይሁን። የጠርዙን ኩርባ ለብቻው አብራችሁ ላኩ። ሬቪትና አርኪካድ ውስጥ ያለው ሰው አሸንዳውን፣ ኮርኒሱን፣ የብረት መያዣዎቹን የሚያስርበት መስመር ያስፈልገዋል። ከደረቁ ቅርጽ ላይ ጠርዙን ልልቀም ቢል ደግሞ ሁለት የሚመሳሰሉ መስመሮች ያገኛል፤ የላይኛውንና የታችኛውን። የቱ ልኬት የተሰጠበት እንደሆነ ስሙ ላይ ጻፉለት።

ለግንበኛው ደግሞ ኩርባ አይላክም። ጠርዙን ፕላን ላይ በእኩል ርቀት፣ ለምሳሌ በየ500 ሚሊሜትሩ፣ ከፋፍሉት። ለየነጥቡ ቁጥር ስጡና የሁለቱን የፕላን ልኬቶችና ከፍታውን በሠንጠረዥ አውጡ። ዳገቱ በሚከርበት ቦታ ነጥቦቹን አቅርቡ፤ ለስላሳው ላይ ማራቅ ይቻላል። ፋሺያው ቁልቁል የተሳበ ከሆነ የላይኛው ነጥብ ከፍታ ብቻ ይበቃል፤ የታችኛው 200 ቀንሶ ነው። በስዊፕ የተሰራ ከሆነ ግን የታችኛው ነጥብ ከላይኛው ቀጥታ ስር ስለማያርፍ ለሱም የራሱን ሦስት ቁጥር አስገቡ።